አሥራ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ

«የሰጋቱራዋ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የወጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር። መጽሐፎቼ መሬት ላይ እንደተቆለሉ ዓመት ስላለፋቸው መደርደሪያ ላሠራ ፈልጌ፣ ደሴ ዋጋው ይሻላል ሲሉኝ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ያዝኩ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ካሉት የእንጨት ሥራ ቤቶች በአንዱ ደጃፍ ሳልፍ ነው አንድ ሽማግሌ አናጢ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው እንዲህ ያሉኝ። ፊታቸውን አወቅኩት፤ ስማቸውን ግን ረስቼዋለሁ። እንደ ማንኛውም ስም የጠፋበት ሰው «ጋሼ!» ብዬ በሞቀ ድምፅ ሰላምታዬን አበዛሁት።

«በይ ነይ፣ ዕቃሽን ውሰጂልኝ። ቦታ አጣበበብኝ» አሉ።

እሳቸው ዘንድ ያስቀመጥኩት ዕቃ የለም። ግራ እየተጋባሁ ተከተልኳቸው። በመሰንጠቂያው ማሽን አጠገብ አልፈን፣ ፍቅፋቂ እየረገጥን ወደ ጓሮ ወጣን። ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ የመሬቱ እርጥበት እንዳይነካቸው አጠና ተረብርቦላቸው፣ አሥራ አንድ ጆንያዎች ተደርድረዋል። በእያንዳንዳቸው ላይ በከሰል ተጽፎባቸዋል፦ ባህር ዛፍ፣ ባህር ዛፍ፣ የፈረንጅ ጥድ፣ ግራቪሊያ፣ እንደገና ባህር ዛፍ።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዓመት ከአራት ወር በፊት፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ናሙና ስሰበስብ፣ ከእሳቸው ቤት ሦስት ኪሎ የምትሆን ሰጋቱራ በፌስታል ወስጄ ነበር። የየዛፉ ዓይነት ተደባልቆ አስቸግሮኝ ስለነበር ስወጣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ባይቀላቅሏቸው ጥሩ ነው፤ ተመልሼ መጥቼ ለየብቻ እወስዳለሁ» ብያቸዋለሁ። ናሙና የሚሰበስብ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላል። በእኛ ሙያ «ተመልሼ እመጣለሁ» ማለት «ደኅና ይዋሉ» እንደ ማለት ነው።

እሳቸው ግን እንደ ቃል ተቀብለውታል። የእንጨቱ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ማሽኑ ሥር ያለውን እያስጠረጉ፣ እየለዩ በጆንያ አስቀምጠዋል። «ልጆቹ ሳቁብኝ» አሉኝ፤ ተለማማጆቻቸውን ማለታቸው ነው። ሰጋቱራውን ለጉዝጓዝ የሚገዟቸው ዶሮ አርቢዎች ነበሩ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ያም ሆኖ በ2014 ጦርነት ከሁለት ማሽን አንዱ ለተወሰደበት ቤት ቀላል ነው አይባልም።

(ሰጋቱራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ እንደመጣ ያወቅኩት ጥናቱን ስጽፍ ነው። አናጢዎቻችን ስቱኮውንም ኮምፐርሳቶውንም እንደዚሁ ከጣሊያን ተቀብለው የራሳቸው አድርገውታል። ከዩኒቨርሲቲ የወሰዱት ቃል ግን አንድም ትዝ አይለኝም።)

«ለመሆኑ ውጤቱ ምን ሆነ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ምን ልበላቸው? ጥናቴን ተከላክያለሁ፤ ዲግሪዬን ይዣለሁ፤ አንድ ጽሑፍም በመጽሔት ወጥቶልኛል። በምስጋናው ገጽ «በደሴ ከተማ ለሚገኙ የእንጨት ሥራ ድርጅቶች» የሚል መስመር አለ፤ እሳቸው እንግዲህ በዚያ መስመር ውስጥ አሉ። ሰጋቱራውን በማሽን ጨምቀን ማገዶ ብንሠራው ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ ለክቼ እንደነበር፣ በደንብ የደረቀ እንጨት በኪሎ ከ18 እስከ 20 ሜጋጁል እንደሚሰጥ፣ የእሳቸውም ሰጋቱራ ከዚያ እንደማይርቅ አስረዳኋቸው። በጥሞና ሰሙኝ።

«ሰጋቱራ እንደሚነድማ እናቴም ታውቅ ነበር» አሉ። ክፋት አልነበረበትም። እንዲያውም ያጽናኑኝ ይመስሉ ነበር።

ወዲያው ወደ መደርደሪያዬ ጉዳይ ገቡ። ለኮምቦልቻ መሆኑን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው ባህር ዛፍ አልሠራልሽም፤ ይሰነጠቅብሻል። ነግሬሽ ነበር እኮ።»

«መቼ ነገሩኝ?»

«ያኔ ነዋ፣ በወረቀቱ ላይ። ጻፊውም አንቺው ነበርሽ።»

ጥያቄ ቁጥር 14

የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወርድ ይህን ነገር ሳብሰለስል ነበር። ቤት እንደደረስኩ ከአልጋዬ ሥር ያለውን ካርቶን ጎተትኩ። በአርባ ሦስት የእንጨት ሥራ ቤቶች ያስሞላኋቸው መጠይቆች በላስቲክ እንደታሰሩ አሉ። የእሳቸውን አወጣሁ። በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ፣ ምን ዓይነት እንጨት እንደሚሰነጥቁ፣ ሰጋቱራውን የት እንደሚጥሉት፣ ሁሉም በሥርዓት ተሞልቷል። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ቁጥር 14 አለ፦ «ሌላ አስተያየት ካለዎት።»

በእጄ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ደሴ የሠሩት በር ኮምቦልቻ ከገባ በኋላ እንደሚሰነጠቅና እንደሚጣመም፣ ምክንያቱን ማወቅ እንደሚፈልጉ ገልጸዋል።» ጎኑ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ አሁንም በእኔው እጅ፣ «ከጥናቱ ወሰን ውጪ» ተብሎበታል።

ያን ወረቀት ይዤ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ያስደነገጠኝ መርሳቴ አልነበረም፤ ሰው ይረሳል። ያስደነገጠኝ ቀዩ እስክሪብቶ ነው። ሰምቻለሁ፣ ጽፌያለሁ፣ እንደገና አንብቤያለሁ፣ ከዚያ አስቤበት ጥዬዋለሁ። ሰውየው ያን ቀን ስለዚህ ጉዳይ ሲያወሩ በእጃቸው እያሳዩ፣ አንድ የተጣመመ ቁራጭ ጣውላ አንሥተው በዓይናቸው እያነጣጠሩ እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ሰዓቴን እያየሁ ነበር፤ ከምሳ በፊት ሦስት ቤት ይቀረኝ ነበርና።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያናድደኛል። የጥናት ርዕስ ስንመርጥ አማካሪዎቻችን መጀመሪያ የሚጠይቁን «ክፍተቱ ምንድን ነው?» ብለው ነው። ሌሎች ያልሞሉት የእውቀት ክፍተት ማለታቸው ነው። እኔ ያን ክፍተት ፍለጋ ሦስት ወር ሙሉ የብራዚልና የማሌዥያ ተመራማሪዎች የጻፉትን ሳገላብጥ ከረምኩ። ከዚያ ሄጄ አንድ ሰው ፊት ቆምኩ። እሳቸው በጣታቸው ክፍተቱን አሳዩኝ፤ ብርሃን የሚያስገባ፣ ደንበኛ የሚያጣላ፣ የበር ላይ እውነተኛ ክፍተት። እኔም ከወሰን ውጪ ነው አልኩ።

የሌሎቹንም ቁጥር 14 ማገላበጥ ጀመርኩ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ? አንዱ ክረምት ላይ ኮላ አልይዝ እንደሚለው አስጽፏል። ሌላው ባህር ዛፉ ገና ግንድ እያለ ጫፉ ለምን እንደሚፈነዳ ጠይቋል። አንዲት ወጣት ባለሙያ ደግሞ «ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠይቄያለሁ፤ መልስ ያመጣልኝ የለም» ብላለች። ከዚህ ሁሉ አንዱም ወደ ጥናቴ አልገባም። ያስገባሁት በሰንጠረዥ የሚቀመጠውን ብቻ ነው።

ራሴን ለመከላከል ያህል፦ የጥናቱ ገንዘብ የመጣው ለማገዶ ነው፤ ጊዜው አሥር ወር ነው፤ ርዕሱ አንዴ ከጸደቀ መለወጥ መከራ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ተመልሶ ሄዶ «ጋሼ፣ የእርስዎን ጥያቄ አልነካሁትም» ለማለት የሚኒባስ ዋጋ ብቻ በቂ ነበር።

የፊንላንድ ፋብሪካና የእኛ በር

የደን ባዮኢኮኖሚ የሚባለውን ነገር የማውቀው ባብዛኛው ከወረቀት ነው። ነገሩ በአጭሩ፣ ዛሬ ከነዳጅ የምናገኘውን ከዛፍ ማግኘት፣ ከዛፉም ምንም እንዳይጣል ማድረግ ነው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ዘወትር የምጠቅሰው በፊንላንድ አነኮስኪ የሚገኘውን ፋብሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ ጀመረ፤ 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ፈጅቷል፤ በዓመት 1.3 ሚሊዮን ቶን የወረቀት ጥሬ ዕቃ ያመርታል። ከቅርፊቱ ጋዝ ያወጣል፤ ከሚሸተው ጭስ ሰልፈሪክ አሲድ ይሠራል፤ ከዝቃጩ ባዮጋዝ ያገኛል። ተማሪዎቼ ቁጥሩን ይጽፋሉ። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ የፋብሪካው ዋና ባለቤት የሆነው ድርጅት ራሱ በብዙ አሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደን ያላቸው ሰዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ዛፉን የተከለው ሰው ከጥያቄው ጠረጴዛ ሩቅ አይደለም።

ሌላም አለ። በዚያው አገር ቪቲቲ ከሚባለው የምርምር ማዕከል የወጡ ሰዎች ከእንጨት ጭረት ክር ለመፍተል ስፒኖቫ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2014 አቋቋሙ። የመጀመሪያ ፋብሪካቸው በዩቫስኩላ ከተማ የተከፈተው በ2023 ነው፤ ጥሬ ዕቃ ይዞ አብሯቸው የገባው ደግሞ የብራዚል ኩባንያ ነው። ጥሬ ዕቃው ምን መሰላችሁ? ባህር ዛፍ። ኮምቦልቻ ተቀምጦ፣ በአንድ በኩል ጥጥ የሚፈተልበትን ፋብሪካ፣ በሌላ በኩል አጠና የጫነ አይሱዙ ሲያልፍ ለሚያይ ሰው ይህ ዜና ትንሽ ልብ ይነካል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምቆጥረው ዓመቱን ነው። ኩባንያው ከተቋቋመ ጀምሮ ፋብሪካው በሩን እስኪከፍት ዘጠኝ ዓመት፤ ከዚያ በፊት በቤተ ሙከራ የፈጀው ሳይቆጠር። በዚያ ሁሉ ጊዜ እየተመላለሰ «ምን ላይ ደረሰ?» የሚል ሰው ነበር ማለት ነው። የእኔ ጥናት ዕድሜ አሥር ወር ነበር።

ገነት አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። እዚያ የተማረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የመመረቂያ ጥናቱን የሠራው በኩባንያ ገንዘብ ነው። ጥያቄውን የሰጡት እነሱ፣ ደመወዝም የከፈሉት እነሱ፤ በየወሩ አንድ መሐንዲስ ከጎኑ ተቀምጦ ውጤቱን ያይ ነበር። ሲጨርስ ግን ዋናውን ምዕራፍ «ተፎካካሪ ያየዋል» ብለው አስቀሩበት፤ ምርቃቱ ግማሽ ዓመት ዘገየ። መምህሩ ማሳተም ይፈልጋል፣ ፋብሪካው መደበቅ። ይህ ጠብ ገንዘብ ባለበት ሁሉ ያለ ነው። ቢሆንም ጠብ የሚኖረው አብረው በሚሠሩ ሰዎች መካከል ነው፤ እኛና ፋብሪካዎቻችን ገና ለመጣላት እንኳ አልተቀራረብንም።

በየዩኒቨርሲቲው የኢንዱስትሪ ትስስር የሚባል ክፍል አለ። የመግባቢያ ሰነድ ይፈረማል፣ ፎቶ ይነሣል። ከእነዚያ ፎቶዎች በአንዱ ላይ እኔም አለሁ፤ ከግራ ሦስተኛዋ። ከፊርማው በኋላ ተማሪ ይዤ ስሄድ ጥበቃው «ደብዳቤ አለሽ?» ይለኛል፤ ደብዳቤ ሳመጣ «የሚመለከተው ሰው የለም» ይለኛል። በፋብሪካዎቹም አልፈርድም። ወደ ቦርከና የሚገቡት ወንዞች ከፋብሪካ ፍሳሽ የሚሸከሙትን ብረታ ብረት የለኩ ጥናቶች ወጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ጠርሙስ የያዘ መምህር በር ላይ ሲታይ ማንም ደስ አይለው። ወንዙም እውነት አለው፣ ሥራ አስኪያጁም ይፈራል። እኛ ግን ወይ እንደ ፈታኝ ወይ እንደ ለማኝ ካልሆነ በቀር በሌላ መልክ ሄደን አናውቅም።

ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚዛን ይዤ ተመለስኩ። አናጢው ሲያዩኝ የተገረሙ አልመሰሉም፤ ቡና አስፈሉ፣ ወንበር አስመጡ፣ የተሰነጠቀ በር ደግሞ ከደንበኛ ቤት አስመልሰው ግድግዳ ላይ አስደግፈው ጠበቁኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ከዛፉ እንጀምር ተባባልን።

እሳቸው ሦስት ጥርጣሬ ነበራቸው። አንደኛ፣ ኮላው ውሃ የተቀላቀለበት ነው። ሁለተኛ፣ የባህር ዛፍ ተፈጥሮው ጠማማ ነው። ሦስተኛውን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የነገሩኝ፦ «ምናልባት እጄ ይሆናል፤ አርጅቻለሁ።» ይህቺ ሦስተኛዋ ለካ ሌሊት እንቅልፍ የምትነሣቸው እሷ ነበረች። አርባ ዓመት በር የሠራ ሰው በእጁ መጠራጠር ሲጀምር የሚጠይቀው ጥያቄ «ሌላ አስተያየት» ተብሎ መጻፉ አሁንም ያሳፍረኛል።

የእንጨትን ነገር የተማረ ሰው መልሱን በግማሽ ያውቀዋል። እንጨት ሲደርቅ መጀመሪያ በጥቃቅን ሕዋሶቹ ባዶ ክፍል ውስጥ ያለው ውሃ ይወጣል፤ ያኔ መጠኑ አይለወጥም። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 30 በመቶ ገደማ ሲደርስ ግን ውሃው ከራሱ ከሕዋሶቹ ግድግዳ መውጣት ይጀምራል፤ መኮማተር የሚመጣው ከዚያ በታች ነው። በቁመቱ የሚያጥረው ኢምንት ነው፤ በጎኑ ግን ይጠባል፣ ያውም የዓመት ቀለበቱን ተከትሎ ከመሐል ወደ ዳር ካለው ሁለት እጥፍ ገደማ። ጣውላ የሚጣመመውም በዚህ አለመመጣጠን ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ደግሞ ቆሞ ሳለ በውስጡ ውጥረት ስለሚያከማች ሲቆረጥ ጫፉ ይፈነዳል፣ ሲደርቅም ከብዙ ዛፍ ይልቅ ይኮማተራል።

የቀረው ግማሽ መልስ የነበረው እዚህ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ክረምት ላይ የደሴ ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ ወርክሾፑ ውስጥ ይገባል፤ እንጨትም እንደ ስፖንጅ ካለበት አየር ጋር ይስማማል። የአየሩ እርጥበት 80 በመቶ ሲሆን እንጨቱ 16 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ አየሩ ወደ 50 ሲወርድ የእንጨቱም ወደ 9 ይወርዳል። ሐምሌ ላይ ደሴ የተሠራ በር ጥር ላይ በኮምቦልቻ ፀሐይ ፊት ሲቆም የሚሆነው ይኸው ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር ፊታቸውን አየሁት፤ ስለ ሰጋቱራው ሙቀት ስነግራቸው የነበረው ዓይነት ትሕትና ነበር። ስለዚህ መናገሬን ትቼ ለካን። ከአንድ ጣውላ ስድስት ቁራጭ ቆረጥን፣ እያንዳንዱን 200 ግራም አካባቢ አድርገን መዘንን። ሦስቱ እሳቸው መደርደሪያ ላይ ቀሩ፤ ሦስቱን ይዤ ወርጄ ቤቴ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩ። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታ እየተደዋወልን ክብደት ተነጋገርን። እሳቸው የሽንኩርት ሚዛን ከጎረቤት ይዋሱ ስለነበር መጀመሪያ ላይ ቁጥራቸው ይዘላል ብዬ አልታመንኩበትም፤ በኋላ ግን ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ሆነው ተገኙ፤ እኔ ሁለት ሳምንት ዘልያለሁ፣ እሳቸው አንድም። በስምንተኛው ሳምንት የደሴዎቹ ፈቅ አላሉም። የኮምቦልቻዎቹ በአማካይ 13 ግራም ቀንሰው ነበር።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። እንጨት እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲቀንስ ቢያንስ 0.3 በመቶ ይጠባል ብንል፣ እርጥበቱም ዝቅ አድርገን በ6 በመቶ ብቻ ወርዷል ብንል፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጣውላ 3.6 ሚሊ ሜትር ያጣል። አንድ በር አራት ጣውላ ቢኖረው ተደማምሮ 14 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቁጥሩን ስነግራቸው ወደ ተሰነጠቀው በር ሄዱና አውራ ጣታቸውን ክፍተቱ ላይ አስገቡ። ጥፍራቸው ልክ ገባ።

«ታዲያ እጄ አይደለማ» አሉ።

መፍትሔውን የሰጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ሰፊ ጣውላ ትተው ጠባብ እንዲያገጣጥሙ፣ መድረቂያ ክፍል እንዲሠሩ፣ ቫርኒሹን በሁለቱም ወገን እንዲቀቡ የሚል ሐሳብ ይዤ ነበር፤ መድረቂያ ክፍሉ ገንዘብ ይጠይቃል። እሳቸው ትንሽ አሰቡና «እንጨቱም እንደ ሰው አገሩን ይልመድ» አሉ። ኮምቦልቻ ውስጥ እኅታቸው አሏቸው። ለኮምቦልቻ በር የሚሆነውን ጣውላ በመሐሉ ቀጫጭን እንጨት እየሰጡ እዚያ ጓሮ፣ ጥላ ሥር ደረደሩት፤ ሁለት ወር ከቆየ በኋላ ነው አሁን ሥራ የሚጀምሩት። የእኔ መደርደሪያም ከዚያ ክምር የተሠራ ነው። እስካሁን ደኅና ነው፤ አንድ ጥጉ ላይ ብቻ ትንሽ ፈገግ ብሏል።

ይህን በትምህርት ክፍላችን ሴሚናር ላይ አቀረብኩት። አንድ የማከብረው መምህር «ጥሩ ነው፤ አዲስነቱ ግን ምኑ ላይ ነው?» አለኝ። ልክ ነው። እንጨት ሲደርቅ እንደሚኮማተር የማንኛውም አገር የእንጨት ሳይንስ መጽሐፍ ይናገራል። ለዕድገት የሚቆጠር ጽሑፍ አይወጣውም። ያኔ መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም ብዙ የለኝም። አንድ እውቀት ዓለምን ዞሮ 25 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ያቺን 25 ኪሎ ሜትር ማሻገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ አላውቅም። የደረጃ ዕድገት ቅጻችን ላይ ግን ቦታ የለውም።

ጆንያዎቹስ?

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን አሥራ አንዱ ጆንያ አሁንም አለ።

በአናጢው ዘዴ ተበረታትቼ፣ በሰጋቱራውም ጉዳይ መጀመሪያ ጥያቄውን ልስማ ብዬ፣ ኮምቦልቻ ወደሚገኝ አንድ ፋብሪካ የቴክኒክ ክፍል ሄድኩ። በጥበቃው በኩል ያለፍኩት የቀድሞ ተማሪዬ እዚያ ስለሚሠራ ነው፤ የመግባቢያ ሰነዱን ማንም አልጠየቀኝም። ኃላፊው ጥሩ ሰው ናቸው። የተጨመቀ ሰጋቱራ ቦይለር ውስጥ ስለ መጠቀም ማውራት ስጀምር የሙቀት ሰንጠረዤን አላዩትም። እጃቸውን አነሡና «በቀን ስንት ኩንታል ታመጪልኛለሽ?» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፦ ክረምት ላይ እርጥብ ሆኖ ቢመጣስ? አመዱ ቧንቧው ላይ ቢጋገርስ? ሐሙስ ቀን አልቆብን ብንቆምስ?

አንዱንም አልመለስኩም። ሒሳቡን ቤት ገብቼ ሠራሁት። የአንድ ኪሎ ከባድ ነዳጅ ሙቀት ለማግኘት 2.5 ኪሎ ያህል አየር ያደረቀው ሰጋቱራ ያስፈልጋል። አሥራ አንዱ ጆንያ ቢመዘን ሁለት ኩንታል ገደማ ነው፤ ስለዚህ የሚተካው 80 ኪሎ ነዳጅ ብቻ ነው። መካከለኛ ቦይለር ያንን ከሻይ ሰዓት በፊት ይጨርሰዋል። እነ አነኮስኪ ቅርፊታቸውን ጋዝ የሚያደርጉት ቅርፊቱ በራሱ እግር ፋብሪካው ግቢ ስለሚገባ ነው፤ ግንዱ ሲመጣ አብሮት ይመጣል። የእኛ ሰጋቱራ ግን በደሴ ጓሮዎች ሁሉ በየጆንያው ተበትኗል። እንግዲህ የእኔ ጥያቄ ገና ከመነሻው ስለ ሙቀት መሆን አልነበረበትም፤ ስለ ማሰባሰብ፣ ስለ መንገድ፣ ምናልባትም ስለ አህያ ጋሪ ነበር። ያ ደግሞ ከእኔ ሙያ ወሰን ውጪ ነው፤ ይህን ሐረግ ስጽፍ ቀዩ እስክሪብቶ ትዝ አለኝ።

አንድ ሐሳብ አለኝ። አርባ ሦስቱን ቤቶች እንደገና ዞሬ፣ አሁን ስለ ጥያቄ ቁጥር 14 ብቻ ልጠይቃቸው፤ ከዚያ የፋብሪካውን ኃላፊና ሁለት ሦስት አናጢዎችን አንድ ቡና ላይ ላገናኝ። ለዚህ በጀት መጠየቂያ ቅጽ ስሞላ «የሚጠበቅ ውጤት» የሚለው ሣጥን ላይ ስደርስ ቆምኩ። «እንገናኛለን» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

ሦስት ሳምንት ይሆናል፣ አናጢው ደወሉ። ስለ በሩ አልነበረም። «ልጄ፣ ክረምቱ ሊገባ ነው። ሰጋቱራውን ለዶሮ አርቢዎቹ ልስጠው ወይስ ላቆይልሽ?»

ትንሽ ዝም አልኩ። ከስልኩ ማዶ የማሽኑ ድምፅ ይሰማኛል።

«ያቆዩልኝ፣ ጋሼ» አልኩ። «እመጣለሁ።»

እስካሁን አልሄድኩም።